የጎረቤት ዋይፋይ መለማመጃ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ኤቲካል ሃኪንግ (ክፍተትን ፈልጎ ለማስጠገን ኮምፒዩተር ሰብሮ መግባትን) መማር በጣም እፈልጋለሁ። የሃኪንግ መሣሪያዎች ተጭነውበት የሚመጣውን ካሊ ሊኑክስ የተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጭኛለሁ፣ በጎረቤት ዋይፋይ ልሞክረው አስቤ ነበር። ምንም ካልጎዳሁ ችግር አለው? ከምንስ ልጀምር? (ከአዳማ)

መልስ፦ አለው ወንድሜ፣ እንዳትነካው። ሌባውም ባለሙያውም የሚጠቀሙት ያንኑ ኤንማፕ ነው፣ ኔትወርክ ላይ ምን እንዳለ የሚያስስ ፕሮግራም፤ የሚለያያቸው ፈቃድ ነው። ባለሙያው ሥራ ሳይጀምር ከባለቤቱ ጋር ይፈራረማል። የትኛው ሰርቨር ይፈተሻል፣ የትኛው አይነካም፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ሁሉም በጽሑፍ ይሰፍራል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ሆን ብሎ ያለ ፈቃድ መግባትን ብቻውን ወንጀል አድርጎታል፤ ምንም ሳትሰርቅ፣ ምንም ሳታበላሽ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም የገንዘብ መቀጮ ወይም ሁለቱንም ሊያስከትልብህ ይችላል።

ካሊን ለጊዜው አስቀምጠው። ውስጡ ያሉት መሣሪያዎች የሚያወጡልህን ውጤት ማንበብ የምትችለው ኔትወርክ ሲገባህ ነው፤ አይፒ፣ ፖርት፣ ዲኤንኤስ እንዴት እንደሚሠሩ መጀመሪያ ተማር። ለሊኑክስ ኦቨርዘዋየር የሚባል ድረ ገጽ ላይ ያለውን ባንዲት የተባለ ጨዋታ እመክርሃለሁ፣ ነፃ ነው፣ እዚያ ሰብረህ ብትገባም የሚጠይቅህ የለም። መጀመሪያ ላይ የሚገጥምህ አንድ ፋይል ስሙ ሰረዝ ብቻ ነው። ካት ብለህ (ፋይል የሚያሳይ ትእዛዝ ነው) ሰረዟን ስትጽፍ ፋይሉ አይከፈትም፣ ኮምፒዩተሩ አንተ እንድትጽፍለት ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከሰረዟ በፊት ነጥብና እዝባር ስትጨምር ይከፈታል። ለምን እንደሆነ እስኪገባህ ድረስ ወደሚቀጥለው እንዳታልፍ! መልሱን ዩቲዩብ ላይ አይቶ ማለፍ ይቻላል፣ ግን ምንም አትማርበትም።

ከዚያ ቨርቹዋልቦክስ ላይ (በኮምፒዩተርህ ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር የሚያስኬድልህ ፕሮግራም ነው) ሜታስፕሎይተብልን ጫን። ሆን ተብሎ ክፍተት የበዛበት ሊኑክስ ነው፣ ስለዚህ ከኢንተርኔት ጋር እንዳታገናኘው። እሱን እንደፈለግክ ስበረው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በቴሌግራም «የሚደርስሽን ቁጥር ቶሎ ላኪልኝ» አለኝ፣ ላክሁለት። አሁን ጥርጣሬ ገባኝ። ቴሌግራሜ ግን አሁንም ይከፈታል። (ከዱባይ)

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን እያነበብሽ ስልክሽን አውጪ። ያ ቁጥር የመግቢያ ኮድሽ ነው። ደግነቱ አዲስ የገባ ሰው አንቺን ወዲያው ከስልክሽ ሊያስወጣሽ አይችልም፣ አንቺ ግን እሱን ማስወጣት ትችያለሽ። ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቺ፣ አካውንትሽ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ተዘርዝረው ታያለሽ። ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ የሚለውን ተጫኚ። ቀጥለሽ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ገብተሽ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽንን አብሪና የራስሽን የይለፍ ቃል አውጪ፤ ከዚህ በኋላ ኮዱን ብቻ የያዘ ሰው አይገባም። ገንዘብ ላኩልኝ የሚል መልእክት በስምሽ ሊሄድ ስለሚችል ለቤተሰብና ለጓደኞችሽም ንገሪያቸው።

ወንድምሽን በስልክ ደውለሽ አግኚው። ምናልባት የእሱ አካውንት ቀድሞ ተወስዶ ይሆናል፣ ሌሎች ዘመዶቻችሁም ይኸው መልእክት እየደረሳቸው ሊሆን ይችላል።