በሚኒሶታ ብርድ ልጆቼን የት ልውሰድ ላልሽው እህቴ

«የመጀመሪያው ዊንተራችን ነው፤ የ4 እና የ7 ዓመት ልጆቼ ቤት ተዘግተው ሊያሳብዱኝ ነው፤ ከሞል ሌላ የት ይወሰዳሉ?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ እኔም ልክ እንዳንቺ ነበርኩ። በደንብ አልብሻቸው የሚለውን ሌሎቹ ነግረውሻል። እኔ በከንቱ ብር የሚያስወጣሽን ልንገርሽ።

1. ጓንት ስትገዢ አውራ ጣት ብቻ ለብቻው የሆነውን ግዢ፤ አራቱ ጣቶች አንድ ላይ ሲሆኑ ይሟሟቃሉ። ካልሲው ሱፍ ይሁን፤ ጥጥ አንዴ ከረጠበ ዋጋ የለውም። ቡትና ስኖው ፓንት ሰልባጅ ይበቃል፣ በዓመቱ ይጠባቸዋል።

2. ካር ሲት (የልጆች የመኪና ወንበር) ላይ ስታስቀምጫቸው ወፍራሙን ጃኬት አውልቂ። ግጭት ቢመጣ ጃኬቱ ይጨመቅና ቀበቶው ይላላል። ቀበቶውን እሰሪና ጃኬቱን ከላይ ጣል አድርጊላቸው። ባለቤቴ «በዚህ ብርድ?» እያለ ሲጨቃጨቀኝ ነበር። የልጆቹ ሐኪም ስትነግረው ዝም አለ። እኔ ስናገር ግን ወሬ ነው!

3. መንሸራተት። ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ጎማ ላይ ቁጭ ብለው ቁልቁል የሚወርዱበት፣ ትኬት የሚቆረጥበት ቦታ አለ። ማስታወቂያው ያጓጓል። ለአራታችን ኦንላይን ከፍዬ ሄድን። በር ላይ ትንሹን ለኩትና «ቁመቱ አይደርስም» አሉ። ይሁን፣ ለደህንነቱ ነው። የእሱን ብር መልሱልኝ ስል ግን ልጅቷ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ስትገዢ ተስማምተሻል» አለችኝ። ማናጀር ጥሪልኝ አልኩ። መጣና ያንኑ ደገመው፤ ያውም እንግሊዝኛ የማልሰማ ይመስል ጮክ ብሎ፣ ቃል በቃል እየቆራረጠ። ሰልፉ ከኋላዬ ተራዝሟል፣ ልጁ ያለቅሳል። ባለቤቴ ትልቋን ይዞ ገባ፣ እኔና ትንሹ መኪና ውስጥ ቁጭ። እስካሁን ያንገበግበኛል። የአንቺም የ4 ዓመቱ እንዳይመለስብሽ ከመክፈልሽ በፊት ደውለሽ የቁመቱን ገደብ ጠይቂ።

አሁን የሰፈራችን ፓርክ ጉብታ ላይ ነው የምንንሸራተተው፣ በነፃ። ፕላስቲኳን ስሌድ (የበረዶ መንሸራተቻ) ገዝተሽ፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ዛፍም መንገድም ኩሬም የሌለበትን ምረጪ።

ለእግር መንገድ ደግሞ ፎርት ስኔሊንግ ስቴት ፓርክ ሂጂ፣ ኤርፖርቱ ጋ ነው። ለመኪና መግቢያ ይከፈላል፣ የቀንም የዓመትም አለ። አንዳንድ ላይብረሪዎች መግቢያውን እንደ መጽሐፍ ያውሱሻል፤ ይህንን ማንም አይነግርሽም። ልጆቹ በረዶው ላይ ዱካ ይፈልጉ። ትልቋ ልጄ የጥንቸሏን ዱካ አይታ በየት በኩል እንደሄደች ትነግርሻለች። ትልልቆቹ ምልክቶች የኋላ እግሮቿ ናቸው፤ ስትዘል የፊተኞቹን አልፈው ከፊት ለፊታቸው ያርፋሉ። ይህንን ለክፍሏ ልጆች አስረድታ አስተማሪዋ ደውላ አመሰገነችኝ። ያ ማናጀር ይህንን በሰማ!

ሚኒያፖሊስ ያለው ሚኒሃሃ ፏፏቴም ሲጋገር ማየት ነው። ወደ ታች የሚወስደው ደረጃ በዊንተር ይዘጋል፤ አንዳንዱ አጥሩን ዘሎ ይወርዳል፣ አንቺ ከላይ ሆነሽ እዪ።

ሐይቅ ላይ ግን ሰው ቆሟል ብለሽ ዘው አትበዪ። ለእግረኛ ቢያንስ 4 ኢንች ጥሩ በረዶ ያስፈልጋል። በጃንዋሪ በማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ዊክኤንድ፣ 15 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ይዞ በበረዶ ላይ ዓሣ ለሚያጠምድ የሚኒሶታ ነዋሪ የማጥመጃ ፈቃድ አያስፈልገውም። ጥምቀት ካልገጠመብሽ ሞክሪው፣ የእኔዎቹ ወደውታል።

ስልክሽ ላይ ዲግሪውን ብቻ አትዪ፣ ነፋሱንም እዪ። ዜሮ ፋራናይት ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 15 ማይል ከሆነ የተገለጠ ቆዳ በ30 ደቂቃ ይጎዳል። እንዲህ ባለ ቀን ሞሉም አይከፋም። በዲሴምበር በአሜሪካ ሰዓት ከቀኑ 4፡30 (በእኛ 10፡30) ገደማ ስለሚጨልም ከምሳ በፊት ውጡ።

የምትኖሪበትን ሰፈር ጻፊልኝና ቅርብ ያለውን ጉብታ እነግርሻለሁ። ብሬን የበሉትን ሰዎች ስም ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ነው፣ እዚህ አልጽፍም።