መጀመሪያ የቱ ቅጠል ነው ቢጫ የሆነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ቨርጂኒያ ነሽ። ባለፈው ሜይ የገዛሽው ጋርዴኒያ፣ ያ ነጭ አበባው የሚሸተው ተክል፣ ዊንተሩን ሳሎን ከርሞ አሁን ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ነው። እምቡጡም ሳይፈነዳ ይረግፋል። ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ አጠጥተሽዋል፣ የቡና አተላም ደፍተሽበታል። «ልጣለው ወይስ ተስፋ አለው?» ብለሻል። ተስፋ አለው፣ አትጣዪው።

እኔ ሜሪላንድ ነኝ። አሁን ሦስት አለኝ፣ ሁለቱ መሬት ላይ፣ አንዱ ፖት ውስጥ። ከነዚህ በፊት ግን ሁለት ሞተውብኛል። ምክንያቱ አንድ ነበር፤ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ውሃ ጠማው ብዬ ውሃ ጨመርኩበት። አፈሩ ውስጥ ጣቴን ሰድጄ እንኳ አላየሁም። ለዚህ ነው ምንም ከመጨመርሽ በፊት ቅጠሉን ቀርበሽ እዪው የምልሽ።

ቢጫ የሆነው ከታች፣ ግንዱ አጠገብ ያለው አሮጌ ቅጠል ብቻ ከሆነ አትደንግጪ። ጋርዴኒያ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው ስንል ቅጠል አይቀይርም ማለት አይደለም። ስፕሪንግ ሲገባ አሮጌውን ያራግፋል። ከላይ ያለው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ መስመር ሠርቶ ከቀረ ግን ብረት አጥሮታል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ሁሉ ዝልፍልፍ ካለ ደግሞ ሥሩ ታፍኗል። ሦስቱም «ቢጫ ሆነ» ይባላሉ፣ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብረቱ ላይ ነው። ብረቱ አፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ተክሉ ግን አፈሩ አሲዳማ ካልሆነ መውሰድ አይችልም። ጋርዴኒያ የሚወደው ፒኤች፣ ማለትም የአፈሩ አሲድነት መለኪያ፣ ከ5 እስከ 6 ነው። ካልሲየም የበዛበት የቧንቧ ውሃ በየሳምንቱ ሲጠጣ ይህን ቀስ በቀስ ያበላሸዋል። እኔ ደክ (የእንጨት በረንዳ) ላይ ባልዲ አስቀምጬ የዝናብ ውሃ አጠራቅማለሁ። ከምንም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው።

የሎሚውን ውሃ አቁሚ። ለጊዜው ያኮመጥጣል፣ ሲበዛም ሥር ያቃጥላል። የቡና አተላውን ደግሞ ከላዩ ጥረጊው። እዚህ ግሩፕ ላይ በየጊዜው «አተላ ድፉበት» ሲባል አያለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ያናድደኛል። የቡናው አሲድ አብዛኛው ወደ ስኒው ነው የሚሄደው። እኛ ቤት ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስቴ ፈልቷል፣ ምን ይቀርለታል? የሚተርፈው አተላ ወደ ገለልተኛ የቀረበ ነው። ወፈር ተደርጎ ሲደፋ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል፣ ውሃም አያስገባም። ኮምፖስት ውስጥ ጨምሪው፣ እዚያ ጥሩ ነው።

በምትኩ እንደ ጋርዴኒያ አሲዳማ አፈር ለሚወደው አበባ፣ ለአዛሊያ፣ የሚሸጠውን አፈርና ማዳበሪያ ግዢ። ፖቱን ገልብጠሽ ሥሩን እዪ። ነጣ ብሎ ጠንካራ ከሆነ ጤነኛ ነው። ቡናማ፣ ልስልስና መጥፎ ሽታ ያለው ከሆነ የበሰበሰውን በንጹህ መቀስ ቁረጪና በአዲስ አፈር ትከዪው። አዲሱ ፖት ከአሮጌው በ3 ወይም 5 ሴንቲሜትር ብቻ ይስፋ። ትልቅ ፖት ውሃ ይዞ ይቀራል። ብረት ካጠረው ኪሌትድ አይረን የሚባለውን፣ ተክሉ በቀላሉ የሚወስደውን ብረት፣ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ስጪው። ለውጡን አዲስ በሚወጣው ቅጠል ላይ ነው የምታዪው።

ወደ እምቡጡ ልምጣ። ጋርዴኒያ እምቡጥ ይዞ ሳለ ለውጥ አይወድም። ከመስኮት ወደ ጠረጴዛ ብታዞሪው፣ አንዴ ደርቆ አንዴ ብታጥለቀልቂው፣ የሂተር አየር ቢነፍስበት ይጥለዋል። ሌሊቱ ቀዝቀዝ፣ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆንለት ደስ ይለዋል። ሳሎን ሌሊቱን ሙሉ ሲሞቅ እምቡጡ አይቆይም። የእኔን ዊንተር ላይ ብዙ የማይሞቅ፣ ደቡብ የሚያይ መስኮት ያለው ክፍል አስገብቼ አልነካውም። አፈሩ ከላይ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ሲደርቅ ብቻ አጠጣዋለሁ። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች መውረድ ሲያቆም ወደ ውጭ አወጣዋለሁ። መጀመሪያ ጥላ፣ ከሳምንት በኋላ የጠዋት ፀሐይ።

መሬት ላይ ልትተክዪውም አስበሻል። የገዛሽው የቤት ውስጥ ዓይነት ከሆነ ዊንተሩን ላይችለው ይችላል። ብርድ የሚችሉት ፍሮስትፕሩፍ እና ቸክ ሄይስ የሚባሉት የጋርዴኒያ ዓይነቶች ናቸው፣ መሬት ላይ ያሉት የእኔም እነሱ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ በዲሴምበር 2022፣ የፈረንጆች ገና ሰሞን ድንገት ብርቱ ብርድ ሲመጣ ከላይ ተቃጥለውብኝ ነበር። ኤፕሪል ላይ የአንዱን ቅርንጫፍ ልጥ በጥፍሬ ላጥ አደረግኩ፣ ደረቅ ነው። ወደ ግንዱ ወርጄ ስልጥ አረንጓዴ አገኘሁ። እስከ ሜይ ታግሼ የሞተውን ብቻ ቆረጥኩ፣ ከታች አቆጠቆጠ። ስትተክዪ የቤቱ የኮንክሪት መሠረት አጠገብ አታድርጊው፣ ከሲሚንቶው ኖራ ወደ አፈሩ ይወርዳል። ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ዙሪያውን አትኮትኩቺ፣ የጥድ ቅርፊት ጉዝጓዝ አድርጊለት። መግረዝ ካለብሽ አበባው እንዳለቀ ወዲያው ነው። ኦገስት ካለፈ የሚመጣውን ዓመት እምቡጥ ነው የምትቆርጪው።

ቅጠሉ ላይ ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ነገር ካየሽ ቅጠሉን ገልብጠሽ ከታቹ እዪ። ነጭ ዝንብ ወይም ክሽክሽ አለ ማለት ነው። የተባይ ሳሙና ይበቃዋል። ውሻ ወይም ድመት ካለሽ ግን እንዳይበሉት ጠብቂ፣ ሆዳቸውን ያውካል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ካልሽ፣ ጋርዴኒያ የቡና ዘመድ ነው፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ቡና ሲያብብ ያሸተተ ሰው ይገባዋል። ጁን ላይ ማታ ከሥራ ስመለስ በሩ ጋ ሳልደርስ ሽታው ይቀበለኛል። ነጩ አበባ በቀናት ውስጥ ቅቤ መስሎ ይጠወልጋል፣ እኔ ግን ያን ሰሞን መስኮት አልዘጋም።

አሁን ፖቱን ገልብጪና ሥሩን ፎቶ አንሺ። ከላይ ያለውን ለጋ ቅጠልም ከቅርብ አንሺና እዚሁ ለጥፊው፣ አይቼ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ውሃ አትጨምሪበት።