ሸሚዝና ቀሚስ ምንና ምን ናቸው?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የሴቶች ልብስ እሰፋለሁ። ደንበኞቼ አብዛኛውን ጊዜ «ጉርድ በሸሚዝ» ወይም «ቀሚስ» ብለው ያዛሉ። በሱረቱ ዩሱፍ ግን የነቢዩ ዩሱፍ ልብስ በዐረብኛው «ቀሚስ» ሲባል እሰማለሁ። የሴት ልብስ ስም እንዴት ለወንድ ሆነ? «ሸሚዝ»ስ ከየት መጣ?
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱን ቃላት አብረው ማንሳትዎ መልካም ነው፤ የአንድ ቃል ልጆች ናቸውና። ምንጫቸው የኋለኛው ዘመን ላቲን «ካሚሲያ» ይለው የነበረው፣ ከገላ ቀጥሎ የሚለበስ የበፍታ እጀ ጠባብ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ቅዱስ ጄሮም በ4ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በጻፈው አንድ ደብዳቤ፣ የካህናትን ልብስ ለማስረዳት ሲል፣ ወታደሮች ለሩጫም ለውጊያም እንዲመቻቸው የሚለብሱትን ከሰውነት ጋር ልክክ ያለ «ካሚሲያ» በምሳሌነት ይጠቅሳል። እንግዲህ ቃሉ ጥንቱንም ለሴት ብቻ የተለየ አልነበረም።

ይኸው ቃል በግሪክኛ በኩል ወደ ምሥራቅ ሲሻገር፣ «ካይሳር» «ቄሳር» እንደ ሆነ ሁሉ፣ «ካ» በ«ቀ» ተተካ። ዐረብኛው «ቀሚስ» እጅጌ ያለው የላይ ልብስ ነው እንጂ የወንድ ወይም የሴት ብሎ አይለይም፤ በሱረቱ ዩሱፍ ወንድሞቹ የሐሰት ደም የቀቡት፣ ኋላም ከበስተኋላው ተቀድዶ ለንጽሕናው ማስረጃ የሆነው እንዲህ ያለ ልብስ ነው። ትርጉሙን ያጠበበው አማርኛ ነው፦ የካህናቱን ቀሚስና የመሳሰለውን ብንተው፣ ስሙን ከትከሻ ወደ እግር ለሚወርደው የሴት ልብስ ሰጠነው። ያም አልበቃ ብሎ «ጉርድ ቀሚስ» ስንል ከወገብ በታች አወረድነው። በእኔ አስተያየት የዚህ ቃል አስገራሚው ጉዞ ይህ ነው፤ «ጉርድ» የ«ጉርድ ቀሚስ» ማሳጠሪያ ስለሆነ፣ «ጉርድ በሸሚዝ» ያዘዘች ደንበኛዎ በቃሉ አመጣጥ አንዱን ልብስ ሁለት ጊዜ አዝዛለች።

በምዕራብ በኩል ደግሞ ፈረንሳይኛ የላቲኑን «ካ» ወደ «ሸ» ይለውጣል፤ «ካሮሉስ» «ሻርል» የሆነው በዚሁ መንገድ ነው፤ «ካሚሲያ»ም «ሸሚዝ» ሆነ። ጣልያንኛው «ካሚቻ» ስለሚል የእኛ ቃል ከእርሱ እንዳልተወሰደ ድምፁ ራሱ ይመሰክራል፤ ከጣልያንኛ የወሰድነው «ካናቴራ»ን ነው። «ለገሃር»ንና «ሹፌር»ን የሰጠን ፈረንሳይኛ ግን ሸሚዝንም አውሶናል። ፈረንሳዮች ዛሬ የወንዱን «ሸሚዝ»፣ የሴቷን «ሸሚዚዬ» ብለው ይለያሉ፤ አማርኛ ለሁለቱም አንዱን ስም ስለያዘ፣ መለየት ሲያስፈልግ «የሴት ሸሚዝ» ማለት ይበቃል።