መልስ፦ እምቢ ብትይውም የማይለቅ ሰው

እህቴ፣ «ጭፈራ ቤት ባለትዳር ነኝ ብዬውም አልለቅ አለኝ» ላልሽው፦ ምክንያት አትስጪ። ምክንያት ክርክር ይከፍታል፤ «ታዲያ ባልሽ የት አለ?» ይልሻል። «አልፈልግም፣ ተወኝ» በይው፣ አንዴ፣ ሳትስቂ። ለጨዋነት የምትጨምሪያት ፈገግታ «እየተግደረደረች ነው» ተብላ ትተረጎማለች። የውሸት ስልክ ቁጥር መስጠትም አያዋጣም፤ እዚያው ደውሎ ያረጋግጣል።

ተመልሶ ከመጣ ቦታ ቀይሪ፣ ግን ብቻሽን ወደ መጸዳጃ ቤት ወይም ወደ ውጭ አትውጪ፤ ሰው የማያይበት ቦታ ለእሱ ነው የሚመቸው። ወደ ባንኮኒው ሂጂና አስተናጋጁን ወይም ጠባቂውን በግልጽ «ያ ነጭ ሸሚዝ የለበሰው እየተከተለኝ ነው» በይ። «አንድ ሰው አስቸገረኝ» ብቻ ካልሽ ማንን ያስወጡ? (ለእነሱ መንገርሽ ማስቸገር አይደለም፣ ሥራቸው ነው።)

ትተሽው የሄድሽውን መጠጥ አትንኪው፣ አዲስ እዘዢ፤ የተጨመረበት ነገር ላይሸት፣ ጣዕሙም ላይታወቅ ይችላል። ከጠጣሽው መጠን በላይ ድንገት ካዞረሽ ለጓደኛሽ ወዲያው ንገሪ፣ ሐኪም ጋ ትውሰድሽ።

ስትሄጂ ታክሲ የምትጠሪው ገና ጭፈራ ቤቱ ውስጥ ሳለሽ ይሁን፣ መንገድ ላይ ቆመሽ አትጠብቂ። ታርጋውን ከተነገረሽ ቁጥር ጋር አመሳክረሽ ግቢ።