መርፌውን በእንክብል አትለውጡ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የልብ ሕሙማንን ስከታተል ነው ያረጀሁት። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ወጣቶች እየደወሉ ይጠይቁኛል። ሰሞኑን የሚበዛው «ዚንክና ሴሌኒየም የሚባሉት ማዕድናት የልብ ቫልቭ ያድናሉ ይባላል፤ እንክብላቸውን እንግዛ ወይ?» የሚለው ነው። ቫልቭ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈትና የሚዘጋ የልብ በር ነው። ልጆቼ፣ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በችኮላ ሲመለስ ግን ሰው ይጎዳል።

በአገራችን የልጆችና የወጣቶች ቫልቭ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከጉሮሮ በሚነሳ ጣጣ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮን ያቆስላል። ሰውነት እሱን ሲዋጋ የገዛ ልቡንም ይመታል። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያብጣሉ፤ ቁርጥማቱ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዞርና ይተዋል። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ዳነልን» ይላል። ቫልቩ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን ከዓመታት በኋላ ዳገት መውጣት ሲያቅት ይገለጣል። በመንዝ ብርድ ልጆች ተጠጋግተው ነው የሚያድሩት። የአንዱ ጉሮሮ ሕመም ለሌላው ለመትረፍ ጊዜ አይፈጅበትም።

ማዕድናቱስ? ሴሌኒየም በጣም ሲያንስ ልብ እንደሚታመም ቻይና ውስጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1935 ኬሻን በተባለ ወረዳ የታወቀው በሽታ አፈሩ ሴሌኒየም በሚያንሰው አካባቢ ነበር የሚበረታው። በ1970ዎቹ ለልጆች ሴሌኒየም ሲሰጥ በሽታው በጣም ቀነሰ። ነገር ግን እዚያ የሚታመመው የልብ ጡንቻ ነው፤ ቫልቭ አይደለም። ይህን ልዩነት አደራ ያዙልኝ፤ ሻጮቹ የሚዘሉት እሱን ነው።

የቫልቭ ሕሙማን ደም ሲመረመር ዚንክና ሴሌኒየም አንሰው፣ መዳብ ደግሞ በዝቶ የተገኘባቸው ጥናቶች አሉ። ይሁን እንጂ ሰውነት በሕመም ሲቆጣ ራሱ ዚንክን ከደም ወደ ጉበት ይስባል፤ መዳብ ተሸካሚውን ፕሮቲንም ያበዛል። ስለዚህ ጉድለቱ በሽታውን አመጣ ወይስ በሽታው ጉድለቱን፣ አንድ የደም ውጤት አይነግረንም። ከእናንተ ሕክምና ወይም ግብርና የምትማሩ ይህን ብትይዙት ደስታዬ ነው። በኢትዮጵያ እህል ውስጥ ያለው ዚንክና ሴሌኒየም ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሰፊ ጥናት አሳይቷል። የመሐል ሜዳ ገብስና የሸዋ ሮቢት ማሽላ የሚበቅሉበት አፈር አንድ አይደለም። እዚህ ብዙ ሥራ አለ።

እንክብሉን በገዛ እጅ መዋጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ዚንክ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ መዳብን ያሳንሳል፤ ከዚያ የደም ማነስ ይከተላል። ቫልቩ ለጠበበበት ሰው የደም ማነስ ከባድ ሸክም ነው። ሴሌኒየም ሲበዛ ጸጉር ይረግፋል፣ ጥፍር ይሰባበራል። የአዋቂ ሰው የቀን ጣሪያ ለዚንክ 40 ሚሊግራም፣ ለሴሌኒየም 400 ማይክሮግራም ነው፤ ያውም ከምግብ የሚገኘው ተደምሮ።

ምግባችንን አትናቁት። ሊጡ ሲቦካ ዚንክንና ብረትን አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፤ ባቄላና ሽምብራ ሲዘፈዘፉና ሲበቅሉም እንዲሁ። በጾም ወቅት ይህ በጣም ይጠቅማል። ቡናውን ከምግቡ ትንሽ አርቁት፤ ብረቱን ያስቀርባችኋል።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። ይህ ከጉሮሮ የሚነሳ ቁርጥማት የያዘው ልጅ ባክቴሪያው እንዳይመለስበት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል መድኃኒት ይወጋል፤ ለዓመታት። መርፌው ያማል፣ አውቃለሁ። ልጁ ኳስ መጫወት ሲጀምር «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። ወይ ለሥራ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ወይ ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፤ እዚያ ማንም አያውቀውም። በዚህ መሃል ጉሮሮው እንደገና ሲታመም የቆሰለው ቫልቭ ይባስ ይጎዳል። የትኛውም የማዕድን እንክብል ይህን አይከላከልም። የመርፌ መከታተያ ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በደረሳችሁበት ጤና ጣቢያ አሳዩና ቀጥሉ። እናንተ ሴቶች ልጆቼ ደግሞ ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ በእርግዝና የደም መጠን ወደ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር የጠበበ ቫልቭ ይጨነቃል።

ታናናሾቻችሁንም እዩልኝ። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ያለበትን ልጅ እንጥል አታስቆርጡት፤ ባክቴሪያውን አያጠፋም። ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ካገኘ ቁርጥማቱን መከላከል ይቻላል።