የታችኛው መንጋጋ ሚኒስክሩ ሲላላ፦ ቀጣዩ የት ይተከል?

ጠያቂያችን የጥርስ ሐኪም ነዎት። ለብሬስ (ለጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) መጎተቻ ከታች በሁለተኛው ፕሪሞላርና (ከክራንቻ ኋላ ያለው ትንሽ መንጋጋ ጥርስ) በመጀመሪያው ሞላር (ትልቁ መንጋጋ ጥርስ) መካከል የተከሉት ባለ 1.6 ሚሊሜትር ሚኒስክሩ (አጥንት ውስጥ የሚገባ ትንሽ ብሎን) በሦስተኛው ሳምንት ላላ፤ የላይኛው ግን ጸንቷል። ቦታውን የመረጡት በፓኖራሚክ ራጅ (ሁለቱንም መንጋጋ በአንድ ምስል የሚያሳይ) ነው፤ አሁን እዚያው ልድገመው ወይ ብለዋል።

አይድገሙት፤ አስቀድመው ሥሮቹን ይለኩ። ፓኖራሚክ ራጅ ፕሪሞላሮቹ ጋ ሥሮችን ስለሚያደራርብ ለዚህ ልኬት አይታመንም። በሁለቱ ጥርሶች መካከል ቀጥ ብሎ የሚያልፍ ፔሪአፒካል ራጅ (ጥቂት ጥርሶችን ከነሥራቸው የሚያሳይ ትንሽ ራጅ) ያንሱ፤ ካጠራጠረዎት ሲቢሲቲ (ባለ ሦስት አቅጣጫ ራጅ) ይጨምሩ። ከስክሩው በግራም በቀኝም አንድ አንድ ሚሊሜትር አጥንት መትረፍ አለበት። ስለዚህ ለእርስዎ ስክሩ ቢያንስ 3.6 ሚሊሜትር ክፍተት ያስፈልጋል።

የሚያስቸግረው ክፍተቱና ድዱ አለመስማማታቸው ነው። ሥሮቹ ወደ ጫፋቸው ሲወርዱ ይራራቃሉ፤ ጠንካራው ድድ ግን እዚያ ድረስ አይደርስም፣ በታችኛው መንጋጋ ደግሞ ይበልጥ ጠባብ ነው። ጉንጩን ሳብ አድርገው ይዩት። አብሮ የሚንቀሳቀሰው ሥጋ ላይ የተተከለ ስክሩ ዙሪያው ያብጣል፣ ይቆጣል፣ ከዚያም ይላላል። እኔ ስክሩውን የማስገባው ጠንካራው ድድ ከሚያልቅበት መስመር ላይ ነው፤ ጫፉን ወደ ሥሮቹ ጫፍ አዘነብለዋለሁ። ከመነሻው ካዘነበሉት ግን አጥንቱ ላይ ያንሸራትተዎታል፤ መጀመሪያ ቀጥ አድርገው ትንሽ ያስነክሱት፣ ከዚያ ያዘንብሉት። ላይኛው መንጋጋ ላይ ከፍ ሲሉ ሳይነሱን (ከጥርሶቹ ሥር በላይ ያለውን አየር የሞላበት ክፍተት) አይርሱ።

ከታች ሌላ ቦታ ከፈለጉ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሞላር መካከል ክፍተቱ ብዙ ጊዜ ይሻላል። በሁለቱ ፕሪሞላሮች መካከልም ይሆናል፤ የሜንታል ነርቭ (የታችኛው ከንፈርና የአገጭ ስሜት ነርቭ) መውጫ ግን እዚያው አጠገብ ስለሆነ ራጁ ላይ ሳያዩት አይንኩ።

የታችኛው መንጋጋ አጥንት የውጭ ሽፋኑ ድርቅ ያለ ነው። በግድ የተጠመዘዘ ስክሩ አጥንቱን ያጨናንቀዋል፣ ያግለዋል፤ የተጎዳው አጥንት ሲሟሟ ስክሩው ከሳምንታት በኋላ ይላላል። የእርስዎም ሰበብ ይህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳላይን (የጨው ውኃ) እያፈሰሱ በቀስታ በቀጭን ድሪል ይክፈቱለት።

ማደንዘዣው ለድዱ ብቻ የሚበቃ ይሁን፤ ጥርሱ ሊሰማው ይገባል። እየጠመዘዙ ሳለ እጅዎ ላይ ድንገት ከከበደ፣ ወይም ታካሚው «ጥርሴን» ካለ ሥር ነክተዋል። ወዲያው ወደ ኋላ አውጥተው አቅጣጫ ይቀይሩ።