«ሰሜን ሸዋ» ስንት ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከፒያሳ ቤታችን ስንነሳ ከአያቴ ሳጥን የ1958 ዓ.ም. የመሬት ግብር ደረሰኝ ወጣ። «ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ መንዝና ግሼ አውራጃ፣ ማማ ምድር ወረዳ» ይላል፤ የምክትል ወረዳው ስም ደብዝዟል። እናቴ ልጅ ሳለች ክረምት ክረምት ትሄድ ነበር፣ ግን «አጥቢያችን ሚካኤል ነው» ከማለት በቀር አታስታውስም። አውራጃውን ስልኬ ላይ አጣሁት። «አሁን ሰሜን ሸዋ ነው» ሲሉኝ ብፈልግ ፍቼን አመጣልኝ። ከየት ልጀምር? ሰ.፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ከፍቼ ተመለሺ። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው። ፍቼ ዋና ከተማው የሆነው በኦሮሚያ ክልል ያለው ነው፤ የድሮው ሰላሌ። ያንቺ ደብረ ብርሃን የሚቀመጠው፣ በአማራ ክልል ያለው ነው።

አውራጃው ስልክሽ ላይ የሌለው አስተዳደሩ ራሱ ስለፈረሰ ነው። ጠቅላይ ግዛቱን ደርግ ክፍለ ሀገር አለው፣ በ1980 እንደገና ሸነሸነው፤ ከ1984 በኋላ ክልልና ዞን መጣ። ምክትል ወረዳማ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ደረሰኝሽን ይዘሽ የዛሬን ካርታ አትጠይቂ፤ የደረሰኙን ዘመን ካርታ ጠይቂ። ከፒያሳ ሩቅ አይደለም፤ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለልሽ። መታወቂያሽን ያዢና የሸዋን የአውራጃና የወረዳ ወሰን የሚያሳይ የቆየ ካርታ ፈልጊ። በውጭ ቋንቋ የታተመ ከሆነ ዓመቱ የፈረንጅ ነው፦ የእኛ 1958 የእነሱ 1965/66 ነው።

ይህ ወረዳውን እንጂ መንደሩን አያሳይሽም። ለመንደሩ አንድ ለሃምሳ ሺህ የሚባለው ካርታ ያስፈልግሻል፤ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ስለሆነ ባዳላለት አትፍረጂብኝ። ካርታ ሥራዎች እንለው የነበረው መሥሪያ ቤት፣ የዛሬው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፣ ጋ ሄደሽ «ሞላሌ ያለችበትን» በይ። ሞላሌ የዛሬው መንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አንዱ ካርታ በየጎኑ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ይይዛል፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወንዙ፣ ገደሉ ሁሉ አለበት። የወረዳ ስም በየመንግሥቱ ይቀየራል፤ ታቦትና ወንዝ ግን በአዋጅ አይነሳም።

ችግሩ መንዝ ውስጥ ሚካኤል አንድ አይደለም። እዚህ ላይ እናትሽን አስቀምጪና ስለ ገበያ ጠይቂያት። ቦታ የረሳ ሰው እግሩን ያደከመውን መንገድ አይረሳም። የትኛው ገበያ ይሄዱ ነበር? በምን ቀን ይውላል? ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ወንዝ ይሻገሩ ነበር? በዚህ ካርታ አንድ ሴንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። ሜዳ ላይ የአንድ ሰዓት መንገድ ስምንት ሴንቲ ይሆናል፤ የመንዝ መንገድ ግን ስለሚጠማዘዝ ስድስት ያዢለት። ሁለት ሰዓት ካለችሽ ኮምፓሱን ገበያው ላይ ተክለሽ በ12 ሴንቲ ክብ አዙሪ። የምትፈልጊው ሚካኤል ከክቡ መስመር ብዙም አይርቅም፤ ቀሪዎቹን በእርሳስ ሰርዣቸው።

ከዚያ ደረሰኙን መስኮት አጠገብ አጋድመሽ በጎን ብርሃን ፎቶ አንሺው። ከደበዘዘው ስም ሁለት ፊደል እንኳ ከተነበበ፣ በተረፉት ሚካኤሎች ዙሪያ ካሉት የቦታ ስሞች ጋር አስተያዪው።

ሁለት ሚካኤል ቢቀርብሽ ዋናው ንግሥ ኅዳር 12 ነው ወይስ ሰኔ 12 ብለሽ እናትሽን ጠይቂ። ክረምት የምትሄድ ልጅ የሰኔውን ደርሳበት ሊሆን ይችላል። የቀረውን መንገዱ ሰላም ሲሆን የደብሩ አለቃ ይነግሩሻል፤ የአያትሽን ስም እስከ አባታቸው አያት ድረስ ጽፈሽ ሂጂ።